ዕቃው አላረጀም፤ አስረጅተውት ነው

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የሚያፈላ ያፍላ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለም እዚያው ቆሞ ያንብብ፣ ተራው እስኪደርስ ያልቃል።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አንድ ሰው «የድሮ ስማርት አምፖሎቼ ከአዲሱ ራውተሬ ጋር አልሠራ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ ሠላሳ ምናምን መልስ ተደረደረ። ሃያ አምስቱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጣለው፣ አዲስ ግዛ።» እኔም «ከመጣልህ በፊት የራውተሩን ስም ቀይረህ ሞክር» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አንዱ፣ ዕቃውን የሚሸጥ ነው፣ «ቲቸር፣ በዲፕሎማህ ፊዚክስህን አስተምር፤ ቴክኖሎጂውን ለባለሙያ ተው» አለኝ። አሥራ ስምንት ሰው ላይክ አደረገለት። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ የእኔው ተማሪዎች ናቸው። አይቻችኋለሁ።

እሺ። ዲፕሎማዬን አልክድም፣ አላፍርበትምም። ዝም የማልለው ግን «ጣለው» የምትለው ምክር ራሷ ሰው ስትጥል ስላየሁ ነው።

ልንገራችሁ። እኔን ራሴን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ አንድ ጋሼ አሉ። ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ይነሳሉ። ከመኝታ ቤታቸው እስከ ሽንት ቤት ያለው ኮሪደር ጨለማ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ደረጃ አለች። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት ለዚሁ ብላ ዕቃ ይዛ መጣች፦ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ሴንሰሩ የሚገናኝባት ትንሽ ሳጥን (ሀብ ይሏታል)፣ ሁለት የዋይፋይ አምፖልና አንድ ስማርት ሶኬት። ጋሼ ከአልጋ ወርደው ሁለት እርምጃ ሲሄዱ ኮሪደሩ ቦግ ይላል። «ልጄ ማታ ማታ መብራት ታበራልኛለች» ይሉ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ሠራ።

ዘንድሮ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ተቃጠለ። አዲስ ራውተር ገባ። ኮሪደሩ ግን አልበራም። ባለሙያ ተጠራ። አምስት ደቂቃ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ኤክስፓየር አድርጓል። ከአዲሱ ጋር አይግባባም። ሙሉውን መቀየር ነው» አላቸው። የጠራላቸው ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል፤ ከእሳቸው ጡረታ ጋር ማወዳደሩንማ ተዉት። «ይቅር» አሉ። በሦስተኛው ሌሊት ያቺን ደረጃ ሳቷት። ክንዳቸው ቆሰለ፣ ጉልበታቸው አበጠ። አጥንት አልተሰበረም፣ ተመስገን።

ለእኔ የደወሉት መውደቃቸውን ሊነግሩኝ እንዳይመስላችሁ። «እነዚህ አምፖሎች ከሚጣሉ ለትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ይሆኑሃል ወይ?» ለማለት ነው።

ሄድኩ። ያገኘሁትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለን አስቡት።

አንደኛ፣ አምፖሎቹ። ዋይፋይ በዋናነት በሁለት ሞገድ ይሠራል፦ 2.4 ጊጋ ኸርዝና 5 ጊጋ ኸርዝ። 2.4 ቀርፋፋ ነው፣ ግን ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፣ ቺፑም ርካሽ ነው። ስለዚህ አምፖልና ሶኬት የመሰለ ዕቃ አብዛኛው፣ ዛሬ የሚሸጠውም ጭምር፣ የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው። አዲሱ ራውተር ሁለቱን ሞገድ በአንድ ስም ጠቅልሎ ያወጣል። ስልካችሁ ፈጣኑን 5ን ይይዛል፤ አፑ ከስልኩ ተነስቶ አምፖሉን ሲፈልግ ያጣዋል። በዚያ ላይ አዲሱ ራውተር ደብሊውፒኤ 3 የሚባለውን አዲሱን የደኅንነት ዘዴ ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ፣ ደብሊውፒኤ 2ን ብቻ የሚያውቀው አሮጌ ዕቃ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው።

አምፖሉ ግን አልሞተም። የድሮውን ራውተር ስምና ፓስዎርድ እንደያዘ ነው። ያንን ስም ደጋግሞ ይጣራል፤ አቤት የሚለው የለም። ያደረግኩት ይሄን ብቻ ነው፦ አዲሱ ራውተር ላይ ሁለቱን ሞገድ ለያየሁ፤ ለ2.4ቱ የድሮውን ስም ፊደል በፊደል፣ የድሮውን ፓስዎርድ ፊደል በፊደል ሰጠሁት፤ ደኅንነቱን ደብሊውፒኤ 2 ላይ አደረግኩ። ሻይ ሳይቀርብልኝ አምፖሎቹ ተመለሱ። ወጪ፦ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።

ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ። ሴንሰሩ ዋይፋይ አያውቅም፤ ዚግቢ በሚባል ቋንቋ ነው የሚያወራው። ዚግቢ ባትሪ የማይጨርስ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ዕቃዎቹ የተለያዩ ኩባንያዎች በመሆናቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩት በክላውድ፣ ማለትም ውጭ አገር ባለ ሰርቨር በኩል መሆኑ ነው። አስቡት፦ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ እግራቸውን ያነሳሉ፤ ሴንሰሩ ለሀቡ ይናገራል፤ ሀቡ ባሕር ማዶ ላለ ሰርቨር፤ ያ ሰርቨር ለአምፖሉ ኩባንያ ሰርቨር፤ ያኛው ተመልሶ ባሕር ተሻግሮ ለአምፖሉ። ሴንሰሩና አምፖሉ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ነው!

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ክላውድን አይተው ነው እንዴ ያሰኛል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መብራት እያለ መብራት የለም ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ አለ፣ አምፖሉ ደኅና ነው፣ ሴንሰሩ ደኅና ነው፤ ኮሪደሩ ጨለማ።

መፍትሔው አስተርጓሚ ማስገባት ነው። ሆም አሲስታንት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ፓውሉስ ስኩትሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ነው፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር የዕቃና የአገልግሎት ዓይነት ያገናኛል። የሚሠራው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠኋቸው። ባትሪው አንድ ሰዓት ይይዛል፤ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይወድቅም። ልጃቸው በሰው እጅ ዚግቢ የሚሰማ ፍላሽ የምታክል መቀበያ ላከች። ሴንሰሩን ከሀቡ አውጥቼ ከሷ ጋር አጣመርኩት። አምፖሎቹ ዕድል ሆኖ በቤት ውስጥ ኔትወርክ በቀጥታ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ልጅቷ አብራ የላከችው አዲስ አምፖል ደግሞ ማተር የሚባለውን አዲሱን ቋንቋ የሚናገር ነው፤ እሱንም ጨመርነው። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩና «ጋሼ፣ እስቲ ይሂዱ» አልኳቸው። ሄዱ። የአራት ዓመቱም የዘንድሮውም አምፖል እኩል በራ። አሮጌና አዲስ አይግባባም ያለው ማን ነበር?

ሦስተኛ፣ ሶኬቱ። እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። የኩባንያው አፕ ከስቶር ወርዷል፣ ሰርቨሩም ተዘግቷል። ሶኬቱ ጤነኛ ነው፤ ቁልፉን በእጅ ስትጫኑት ውስጡ ያለው ሪሌ ቀጭ ይላል። ግን በኔትወርክ ከዚያ ከተዘጋው ሰርቨር በቀር ከማንም ትእዛዝ እንዳይቀበል ሆኖ ነው የተሠራው። ከፍቼ ሌላ ሶፍትዌር ልጭንበት ሞከርኩ፣ ቺፑ እንቢ አለ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ለተማሪዎች አሳየዋለሁ።

አሁን ልብ በሉ። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት የተለያየ በሽታ። የአምፖሉ የስም ጉዳይ ነው፣ በነጻ ይድናል። የሴንሰሩ የቋንቋ ጉዳይ ነው፣ አስተርጓሚ ያድነዋል። የሶኬቱ የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ ዕቃው ቤታችሁ ነው ያለው፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ባለሙያ ተብዬው ሦስቱንም «አርጅቷል» በሚል አንድ ቃል ገንዞ ሊቀብራቸው ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሐኪም ጉንፋኑንም ወባውንም ሳይለይ «አልቆላችኋል» ቢለን እንታገሠዋለን?

«ቴክኖሎጂ ነው፣ ያረጃል» ለምትሉኝ፣ እስቲ ታሪክ እንይ። ኤክስ 10 የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ነው የተፈጠረው። ትእዛዙን የሚልከው በራሱ በኤሌክትሪክ ሽቦው በኩል ነው። ቀርፋፋ ነው፣ አንዳንዴ ይስታል። ነገር ግን ዛሬም የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም የሚዘጋበት ሰርቨር የለውም። ሬቮልቭ የሚባለው ሀብ ደግሞ 300 ዶላር የሚሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት ገዛው፣ በ2016 ግንቦት ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ። አልተበላሸም፣ አልወደቀም፣ ውኃ አልገባበትም። አንድ ቀን ነግቶ ሳጥን ሆነ። ኢንስቲዮንም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሚያዝያ ሰርቨሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፋ፣ ደንበኞች አፓቸውን ሲከፍቱ ነው ያወቁት። በኋላ ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ተሰባስበው ገዝተው አስነሱት።

ስለዚህ ንገሩኝ፣ የ1975ቱ እየሠራ የ2014ቱ የሞተው በዕድሜ ነው?

ሁሉም ኩባንያ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ፊሊፕስ ሂዩ የመጀመሪያዋን ክብ ብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ ከኢንተርኔት አገልግሎቱ አስወጣት፤ ቤት ውስጥ ግን አምፖሎቹን ማብራት ማጥፋቷን ቀጠለች። ኋላ የመጣችው አራት ማዕዘን ብሪጅ ደግሞ በ2023 በሶፍትዌር አፕዴት ማተር ተማረች፤ ከሷ ጋር የተያያዙ የድሮ አምፖሎች አንድም ሳይቀየር ከአዲሶቹ ጋር መነጋገር ቻሉ። እንደሚቻልማ ይቻላል! የማይቻለው ሳይፈልጉ ሲቀሩ ነው።

«ማተር ስለመጣ ችግሩ አበቃ» የምትሉም አላችሁ። ማተርን አልጠላም። አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሌሎችም ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት ያወጡት የጋራ ቋንቋ ነው፤ ትእዛዙም እዚያው ቤት ውስጥ እንዲያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥሩ ነገር ጥሩ ነው። ግን ማተር ስለመጣ ትናንት የተሸጠው ዕቃ በራሱ ማተር አይናገርም፤ ወይ ብሪጅ ይፈልጋል፣ ወይ ኩባንያው አፕዴት ይልካል። ዚግቢና ማተር ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ስሬድ የቆሙበት የሬዲዮ ስታንዳርድ አንድ ነው፤ የሚለየው ከላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። ሜሞሪው የማይችለው ዕቃ አለ፣ እውነት ነው። የሚችለው ግን ለምን ይቀራል? አዲስ መሸጥ ከአሮጌው ማስተማር ስለሚያዋጣ ነው። ሌላ ሚስጥር የለውም። እኛም «አዲስ ስታንዳርድ መጣ» ሲሉን የቤታችንን አውጥተን እንጥላለን፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ እሱን ሳልመልስ ባልፍ ሌባ ነኝ። «አሮጌ ዕቃ አፕዴት ስለማያገኝ ለደኅንነት አደገኛ ነው።» ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባለው ተንኮል ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስዎርድ ያልቀየሩ ካሜራዎችንና የካሜራ መቅጃዎችን ሰብስቦ በጥቅምት ወር ትልልቅ ድረ ገጾችን አንበርክኳል። አፕዴት የማያገኝና ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ካሜራ ካላችሁ፣ እኔም ንቀሉት እላለሁ። ግን ይሄ ክርክር እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ከውጭ ጋር ማውራት የማያስፈልገውን አምፖል ከውጭ ጋር እንዳያወራ ዝጉበት። ፓስዎርዱን ቀይሩ፣ ራውተራችሁ ላይ ባለው ገስት ኔትወርክ ከስልካችሁና ከላፕቶፓችሁ ለዩት። በር የማይዘጋ ቤት ካለ መቆለፊያ ይገዛል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

«ኩባንያው ለዘላለም ሰርቨር ይክፈል እንዴ?» አይክፈል። ሲሄድ ግን ቁልፉን አስረክቦ ይሂድ፦ ዕቃው ቤት ውስጥ በቀጥታ የሚታዘዝበትን መንገድ ክፍት አድርጎ። ስንት ዓመት እንደሚያገለግልም ሲሸጥ ይንገረን። እንግሊዝ ይሄን በሕግ አስገድዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው የደኅንነት አፕዴቱ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚቀጥል መግለጽ አለበት። እኛም አገር ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተጽፏል። «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብት እንጂ ጭቅጭቅ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ዲፕሎማዬን ወዳነሳኸው ወንድሜ። ቂም አልያዝኩም። አንተም እንጀራ ትበላለህ፣ ሱቅ ኪራይ አለብህ። ግን ማስተካከልም እኮ ሥራ ነው። ለአንድ ሰዓት ሥራህ ዋጋህን ጠይቅ፣ ሰው ይከፍልሃል። አስተካክለህለት የሄድከው ሰው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። «ጣለው» ብለኸው የገዛህ ሰው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ዕቃ ሲዘጋበት መጀመሪያ የሚረግመው ኩባንያውን አይደለም፣ አንተን ነው። ኩባንያውን የት ያገኘዋል?

ለገዢዎች፦ ከመግዛታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? የግድግዳ ማብሪያው በእጅ ይሠራል? ከሌላ ኩባንያ ዕቃ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራል? አፕዴቱ እስከ መቼ ነው? ሻጩ አራቱንም ካላወቀ ከሱቁ ውጡ።

ውጭ ላላችሁ፣ ለአባት ለእናት ዕቃ ለምትልኩ ልጆች ደግሞ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን እባካችሁ፣ ከአሜሪካ የምትልኩ ቮልቱን እዩ፤ እዚህ 220 ነው፣ 120 ብቻ የሚል አምፖል ሲሰካ ይቃጠላል። ዜድ ዌቭ የሚባለውን ስትገዙ የአሜሪካው በ908፣ የአውሮፓው በ868 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው የሚሠራው፤ ከሁለት አገር ቀላቅላችሁ ከላካችሁ አይሰማሙም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አካውንቱን በራሳችሁ ስልክ ብቻ አትክፈቱት። የራውተሩን ስም፣ ፓስዎርዱን፣ አካውንቱን ደብተር ላይ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ተዉ። የጋሼ ልጅ ያቺን ደብተር ባትተው ኖሮ የድሮውን ፓስዎርድ ከየት አመጣው ነበር? አምፖሎቹን ያዳነቻቸው የእኔ ዲፕሎማ ሳትሆን ያቺ ደብተር ናት።

ባለፈው ሐሙስ እኛ ሰፈር ኢንተርኔት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ሌሊት እንዴት ሆኑ? ኢንተርኔት አልነበረም እኮ።»

«አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። «እኔማ ሁለቴ ተነሳሁ፤ መብራቱ በርቷል።»

መሳቢያችሁ ውስጥ «አይሠራም» ተብሎ የተቀመጠ አምፖል፣ ሶኬት፣ ሴንሰር ያላችሁ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉት፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የማላውቀውን የሚያውቅ ይመልሳል። አዳማ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ይዛችሁ ኑ።

ላይክ ያደረጋችሁት ሁለቱ ልጆችም ኑ። ሻይ በእኔ።